ወንድምሽ ቆላ አይወርድም

ውድ እትዬ፣

የላክሽው የእርሻው ሹፌር ያልሽውን ሁሉ አድርሷል። የትኛው ቃል ላይ እንዳለቀስሽ፣ የትኛው ላይ ፊትሽን ወደ ግድግዳ እንዳዞርሽ ሳይቀር ነግሮኛል። ደህና መልእክተኛ መርጠሻል። አሁን መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ ፍሬን እያስጠገነ ነው፤ እሱ እስኪመለስ እኔ ይህን ጽፌ እጨርሳለሁ። ይዞልሽ ይወርዳል።

ወንድምሽን ካገባሁ ጀምሮ አንቱ ስልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንቺ እልሻለሁ። ስለናቅኩሽ አይደለም። ክፉ ነገር በአንቱ ሲነገር ይለዝባል፤ የምነግርሽ ነገር ደግሞ እንዲለዝብ አልፈልግም።

መልሱን ፍለጋ ወረቀቱን እንዳታገላብጪ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ወንድምሽ አይመጣም። ሐኪሞቹ ሆድሽ ውስጥ ያለውን እባጭ አይተው "ቤትሽ ሄደሽ ዕረፊ" እንዳሉሽ ሰምቻለሁ። ሐኪም እንደዚያ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከመሞትሽ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኑን ማየት እንደምትፈልጊም ሰምቻለሁ። አታይውም። ቂም ይዛብኝ ነው ብትይ አትሳሳቺም፤ ቂሙ አለ፣ በልቤ ከርሞ ድንጋይ ሆኗል። ግን የሚያስቀረው ቂሙ አይደለም። ቂም ብቻ ቢሆን ኖሮ ልኬልሽ እጅሽ ላይ እንዲሞት አደርግ ነበር።

እስቲ ወደ እርሻው በር ልመልስሽ። አንቺ ያንን በር የምታውቂው ከወንበርሽ ሆነሽ ነው፤ እኔ የማውቀው ከሰልፉ ነው።

የጥጥ እርሻው ሲቋቋም ለበሩ ቴርሞሜትር ተሰጥቶ ነበር ይባላል። ሲሰበር ሌላ አልተገዛም፤ ያንቺ መዳፍ ተገኘ። ጠዋት ጠዋት "አሞኛል" የሚል ሁሉ አንቺ ፊት ይቆማል። መዳፍሽን ግንባሩ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣት ከጆሮው ኋላ ትነኪያለሽ። ከሞቀ ወደ ክሊኒክ፣ ከቀዘቀዘ ወደ ማሳ። ሌላ መንገድ አልነበረም። ሠራተኛው ስምሽን ትቶ "መዳፍ" ሲልሽ ደስ ይልሽ ነበር። ሻይ የያዘ ብርጭቆ ግንባራቸው ላይ አንከባለው የሚመጡ ነበሩ፤ ሽንኩርት ብብታቸው ውስጥ ይዘው የሚያድሩም ነበሩ። አንቺን ያታለለ ግን የለም። ግንባር ይዋሻል፣ ከጆሮ ኋላ ያለው ሥጋ ግን መዋሸት አልተማረም ትይ ነበር። ሰውዬውም ሽንኩርቱን ከብብቱ አውጥቶ፣ እየተሳቀበት፣ ጆንያውን ይዞ ወደ ጥጡ ይገባል።

ያተረፍሻቸውን አልክድም። ወባ የያዘው ሰው አንቺ እጅ ወድቆ ሳይታወቅ ያለፈ የለም። ጥጡ ከፍሬው በሚለይበት መዳመጫ ውስጥ አጠገቤ ትሠራ የነበረችውን እርጉዝ ሴት "ምንም አልሆንኩም" ስትል ጎትተሽ ክሊኒክ ያስገባሽው አንቺ ነሽ፤ እሷም ልጇም ዛሬ አሉ። ችግሩ በዚያ እርሻ ላይ ከወባ ሌላ በሽታ አለመኖሩ ነበር። ትኩሳት ያለው ወባ አለበት፤ ትኩሳት የሌለው ሰነፍ ነው። አንቺ ብቻ አይደለሽም እንደዚያ የምታስቢው። ካቦውም፣ ክሊኒኩም፣ እኛ ሰልፈኞቹም እንደዚያ ነበር የምናስበው። አንድ ሰው ግንባሩ ቀዝቅዞ ሊሞት ይችላል ቢሉን ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር።

ወንድምሽ ውሃ አጠጪ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቦዩን መዝጊያ እየከፈተና እየዘጋ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያመሸው። ትንኙ የእርሻውን ጥጥ ሁሉ ትቶ እሱን የሚለቅም ይመስለኝ ነበር። ወባ ለሱ እንደ ክፉ ዘመድ ነበረች፤ ሳትጠራ ትመጣለች፣ አልጋውን ትይዛለች፣ አንቀጥቅጣው፣ በላብ አጥባው፣ ያለውን በልታ ትሄዳለች። "ወባ ነው፣ ያልፋል" እንላለን። ደግሞም ያልፋል። ሲያልፍ ምን ይዞ እንደሄደ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። እሱ ራሱ እንኳ ላቡ በደረቀ ማግስት አካፋውን ይዞ ቦዩ ውስጥ ነው።

ከዚያ ትንፋሹ አጠረ። ከአንዱ መዝጊያ ወደሚቀጥለው ሲሄድ መሐል ላይ እየቆመ፣ አካፋውን ተደግፎ ውሃውን የሚያይ መምሰል ጀመረ። ጫማው አልገባ ሲለው የነጠላ ጫማውን ማሰሪያ በምላጭ ቆረጠው። ጋደም ሲል ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል፤ የጥጥ ፍሬ የሞላ ጆንያ ከጀርባው አድርጌለት ተቀምጦ ማደር ለመደ። ትኩሳት አልነበረውም። ብርድ ብርድ አላለውም። እናም እንደ ሌላው ሁሉ ተሰልፎ አንቺ ፊት ቆመ።

ያን ቀን እኔ ወደ መዳመጫው ሳልፍ ከጀርባው ቆሜ ነበር። መዳፍሽን አሳረፍሽ፣ ከጆሮው ኋላ ነካሽ።

"ቀዝቃዛ" አልሽ።

"እትዬ፣ ትንፋሼ ነው" አለ።

"ትንፋሽማ ሁሉም አለው። ሙቀት አለህ ወይ ነው ጥያቄው።"

ሰልፉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አየር አጠረውና ተወው። ያኔ እኔን አየሽኝ። እሱን እያናገርሽ ዓይንሽ እኔ ላይ ነበር። "አጠገብህ የምትተኛዋ ናት ያቀዘቀዘችህ፤ ከእሷ ራቅና ውሃህን ክፈት" አልሽ። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ስሙ "ቀዝቃዛው" ሆነ። ካቦው ቀዝቃዛው አለው፣ የመዳመጫው ሴቶች የቀዝቃዛው ሚስት አሉኝ፣ አንቺ ደግሞ ገና ከሩቅ ስታይው "ኑ፣ ቀዝቃዛው መጣላችሁ" ትይ ጀመር። ሰው ዳቦ በልቶ እንደሚያድር እነሱ በሱ ስቀው ያድሩ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሽ አውቃለሁ። ካቦው አንድ ጊዜ ሰው ፊት "የመዳፍ ወንድም ሆኖ ከማሳ ቢቀር ማን ይከለክለዋል" ብሎ ነበር። ያቺ ቃል አጥንትሽ ገባች። ከዚያ በኋላ ለሌላው የምታዝኚውን ከሱ ድርሻ እየቀነስሽ ነው የምትሰጪው። አድልዎ አለባት እንዳትባይ የእናትሽን ልጅ ለሐቀኝነትሽ ማስያዣ አደረግሽው። ሰዎቹም አመሰገኑሽ። "መዳፍ ለወንድሟ እንኳ አታዳላም" ይሉ ነበር።

ቦዩ ውስጥ የተቀመጠ ቀን መጀመሪያ የሚታጠብ መስሏቸው ቀለዱበት። ሳይነሳ ሲቀር ጎትተው አወጡትና በጥጥ መጫኛ ተሳቢ አመጡት። ስትሮጪ አየሁሽ። አንድ ጫማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ሻሽሽ ተፈትቶ። ያንን ሩጫ አልረሳውም፤ ቢቻለኝ ረስቼው ነበር፣ አንቺን መጥላት ይቀለኝ ነበር። ግን ደርሰሽ ምን አደረግሽ? ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እግሩ እንደ ግንድ አብጦ፣ ዓይኑ ተገልብጦ ተኝቶ፣ አንቺ መዳፍሽን ግንባሩ ላይ አሳረፍሽ። ከዚያ ቀና ብለሽ "ትኩሳት የለውም" አልሽኝ። እንደ የምሥራች ነበር የነገርሽኝ። "እንግዲያው ወባው ወደ ውስጥ ገብቶ ተደብቆ ነው" ብለሽ የወባ ክኒን በገዛ ጣትሽ አፉ ውስጥ አደረግሽ፤ ሳይውጠው ተፋው።

በክኒኑ አልቀየምሽም። ያለሽ እሱ ነበር፣ እሱን ሰጠሽ። የምቀየምሽ ግንባሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ስታረጋግጪ ፊትሽ ላይ ስላየሁት ዕረፍት ነው። ወንድምሽ እግርሽ ሥር እየሞተ አንቺ ያን ሁሉ ጠዋት እንዳልተሳሳትሽ አውቀሽ ዐረፍሽ። አንቺ ራስሽ አታስታውሺው ይሆናል። እኔ ግን ፊት ለፊትሽ ነበርኩ።

ወደ ደጋ አውጥቼ ከተማ ሳደርሰው ያየችው የልብ ሐኪም ልጅ እግር ሴት ናት። ግንባሩን ከነጭራሹ አልነካችውም። ዝቅ ብላ እግሩን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ የገባበት ጉድጓድ ሳይሞላ ቆየ። ከዚያ ደረቱን ቅባት ቀብታ ልቡን በማሽኑ መስታወት ላይ አሳየችን። እትዬ፣ እኔ ልብ ሲባል ቡጢ የሚያህል ጠንካራ ነገር ይመስለኝ ነበር። የወንድምሽ ልብ የላላ ከረጢት ነው። ይከፈታል፣ ለመዘጋት ግን ይሰንፋል። ሰነፍ ካልሽ እንግዲህ ሰነፉ እሱ ነው፤ ስድብሽን ወደዚያ ላኪው።

ወባ ታሞ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሹ፣ "ዶክተር፣ እኛ ሰፈር ወባ ይዞህ ያውቃል አይባልም፤ ለቆህ ያውቃል ወይ ነው የሚባለው" አላት። ሳቀች። መልሳ ግን ስታስረዳን አልሳቀችም። ወባ በገባ ቁጥር የደሙን ቀይ ሕዋስ እየሰበረ ደሙን ያሳንሰዋል፣ ልብም ያነሰውን ደም ለማዳረስ ያለ አቅሙ ይለፋል አለች። የተበከለው ደም በቀጫጭን ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቀ መንገድ ይዘጋል፤ ልብን የሚመግቡት ሥሮችም ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ሰውነት በሽታውን ሲዋጋ የሚያነደው እሳት ደግሞ ሥሮቹን ራሳቸውን ይለበልባል። በብዙ ሰው ላይ የተደረገ ጥናት አለ አለችን፤ ወባ ይዟቸው የሚያውቁ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኋላ ላይ ልባቸው ሲደክም ታይቷል።

"ታዲያ እሱን እዚህ ያደረሰው ወባ ነው?" አልኳት።

"አልምልልሽም" አለችኝ። "የደም ግፊትም አለበት፣ እኔ የማላውቀው ሌላም ይኖራል። ነገሩ ገና እየተጠና ነው። አንድ ነገር ግን እነግርሻለሁ፤ ከእንግዲህ አንዲት ወባ ብትደግመው ይህ ልብ አይሸከማትም። ቆላ እንዳይወርድ።"

ይኸው ነው ምክንያቴ። ሌላ የለኝም። እናንተ ጋ ዝናቡ ገና መውጣቱ ነው፤ ቦዩ ሞልቷል፣ ሹፌሩ ራሱ ሁለት ጊዜ እንደተንቀጠቀጠ ነግሮኛል። አንቺ ዓይኑን ማየት ፈለግሽ፤ እኔ ደግሞ ዓይኑ እንዳይከደን እፈልጋለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም።

ማንበብ ከየት እንደተማርኩ ታውቂያለሽ። ሳሙና ከተጠቀለለበት፣ ምስማር ከተቋጠረበት ወረቀት ፊደል ስለቅም "ቆሻሻ ለቃሚ" ትይኝ ነበር። አሁን ላውንደሪ ውስጥ እተኩሳለሁ። የተተኮሰውን ልብስ የምንጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣ ስለሆነ ንባቤ ሰፍቷል። አንድ ቀን ስለ ወባና ስለ ልብ የተጻፈ ግማሽ ገጽ እጄ ገባ። ሐኪሟ ያለችውን ነበር የሚለው። "ይህም የሚሆንበት ምክንያት" ይልና እዚያው ላይ ተቀዷል። ሌላው ግማሽ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ተጠቅልሎበት ሄዷል። የላውንደሪውን ባለቤት ማን እንደወሰደው ብጠይቀው "ሱሪውን ለበሱት እንጂ አነበቡት ብለሽ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ያ የቀረው ግማሽ ቢገኝም ለወንድምሽ የሚጨምርለት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ግን አሁንም ጋዜጣ በመጣ ቁጥር ካውያውን አቁሜ እፈልገዋለሁ።

ወንድምሽ እንዴት እንደሚኖር ልንገርሽ፤ ጠይቀሻል። ክፍላችን ምድር ቤት ናት፤ ደረጃ ስለማይችል ነው። ዝቅ ያለው መስኮት አጠገብ ትራስ ተደራርቦለት ይቀመጣል፤ ከዚያ የሚታየው የአላፊ አግዳሚ እግር ነው። ጨው ተከልክሏል። ውሃም በልክ ነው የሚጠጣው። ዕድሜ ልኩን ማሳ ሲያጠጣ የኖረ ሰው አሁን ውሃ በብርጭቆ ተለክቶለት፣ ቀኑ ሳይመሽ ካለቀበት እየለመነኝ ይውላል። እምቢ እለዋለሁ። እኔም እንዳቅሜ በር ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነው።

አንቺን ግን አያማልኝም። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ፤ እንዲያሳርፍሽ ሳይሆን እንዲከነክንሽ። ስሰድብሽ ሰምቶኝ "ተይ እንጂ፣ የእትዬ እጅ ልክ ነበር። ትኩሳት አልነበረኝማ" አለኝ።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ መጣ። በሩ ላይ አቆምኩትና ቀስ ብሎ ነገረኝ። እባጩን፣ ሐኪሞቹ ያሉሽን፣ ልታይው መፈለግሽን። መጨረሻ ላይ ቃል በቃል እንዲነግረው ያስጠናሽውን ነገረኝ፤ "ግንባርህን ትቼ እግርህን ማየት ነበረብኝ፤ ይቅር በለኝ በለው" ብለሻል። ልጁ ይህን ሲለኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ወንድምሽ ድምፅ ሰምቶ ከውስጥ ተጣራ። "ማነው? የእትዬ ሰው ነው? ምን አለች?"

ገባሁ። ሹፌሩ ተከትሎኝ ገብቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ምን እንደምል አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነው የማውቀው፤ እውነቱን ከሰማ ዛሬውኑ ይነሳል። ቆላውን፣ ወባውን፣ ልቡን አያስብም፤ በሰው ጀርባም ቢሆን ይወርዳል። ስለዚህ እንዲጠላሽ ፈለግሁ። ምርር ብሎት እዚያው ትቅር የሚያሰኘው ነገር ፈለግሁ፤ አፌ ላይም ያንቺ ምላስ መጣ።

"ያ ቀዝቃዛ አሁንም ከትራሱ አልተነሳም ወይ፣ አለች" አልኩት። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቆሜ እሠራለሁ፣ እሱ የሚስቱን ቀሚስ ተደግፎ መስኮት ይቆጥራል፤ በሽታ ቢሆን ወይ ገድሎት ወይ ትቶት ነበር፣ ስንፍና ስለሆነ ነው አብሮት የሚያረጀው፣ ብላሃለች።"

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ አየኝ። እኔ የወንድምሽን ፊት እጠብቃለሁ።

ሳቀ። እትዬ፣ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና "ደህና ናታ" አለኝ። "እኔ ከሰውዬው ጋር በር ላይ ስታንሾካሹኪ ሰምቼ አንድ ነገር ሆናለች ብዬ ደንግጬ ነበር። ምላሷ እንዲህ ከሆነ ደህና ናት። እኔን የምታስፈራኝ ስትለሰልስ ነው።" ከዚያ እናታችሁ የሞተች ጊዜ ለሱ መርዶውን ያረዳሽው አንቺ እንደሆንሽ ለሹፌሩ ያወራለት ጀመር። ምንም ሳትናገሪ፣ ገና "ወንድሜ" ብለሽ ስትጠሪው እናቱ እንደሞተች እንዳወቀ ነገረው። "እትዬ ወንድሜ ካለች ሰው ሞቷል ማለት ነው" አለ። "አንድ ቀን መልካም ቃል ከላከችልኝ፣ እሷ ራሷ ልትሞት ነው። ያን ቀን በቃሬዛም ቢሆን እወርዳለሁ።" ይህን ብሎ ዳቦ ጠየቀኝ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ሲበላ አላየሁትም። ጢሜን ላጭልኝ ብሎ ሹፌሩን አስቸገረው።

ገባሽ? የምታስቢለት ከሆነ ማሰብሽ ይገድለዋል። ይቅር በለኝ ያልሽው ቃል፣ ስንት ዓመት ጉሮሮሽ ላይ ቆሞ አሁን የወጣልሽ ቃል፣ ለሱ መርዝ ነው። ስለዚህ አልነግረውም። ስትሞቺም ሳይነገረው ትሞቺያለሽ። ሹፌሩ ሲሄድ "ታዲያ ምን ብዬ ልንገራት?" አለኝ፤ ቆይ እጽፍላታለሁ አልኩት። በአፉ ቢነግርሽ ያሳዝንሽ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው፣ ያለሳልሰው ነበር።

ይህን ስጽፍ ልቤ ደምቷል ብልሽ እዋሻለሁ። ትንሽ ደስ ብሎኛል። ሰልፉ ላይ ቆሜ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ እያልኩ ብዙ ጠዋት አሳልፌያለሁ። አሁን ሲመጣ ያሰብኩትን ያህል አልጣፈጠኝም፤ ግን አልጠላሁትም።

ከሹፌሩ ጋር ተነጋግረናል። ያረፍሽ ዕለት ለእኔ ብቻ ይነግረኛል። ለወንድምሽ አትሞቺም። በዚህ ቤት ማንም ደረቱን አይመታልሽም፣ እንባ አይፈስልሽም፣ ነፍስ ይማር የሚልሽ አይኖርም። በዓለም ላይ አንድ የሚያለቅስልሽ ሰው ነበረሽ፤ እሱንም እኔ ነጠቅሁሽ። ሹፌሩ ግን እየመጣ በራችንን ያንኳኳል። እኔም በመጣ ቁጥር አንድ ያንቺን ስድብ ለወንድምሽ እነግረዋለሁ፤ እሱም ደህና ናት እያለ ዳቦውን ይበላል። ይህን ቃል እገባልሻለሁ። ከዚህ ሌላ ቃል አልገባልሽም።

አንድ ነገር ብቻ ከአንቺ እፈልጋለሁ። ዛሬ ጠዋት ገና ዓይኑን ሲገልጥ "ሌላስ ምን አለች?" አለኝ። ያልተዘጋጀሁበት ስለሆነ ድሮ በሩ ላይ ስትይው የነበረውን አንዱን ነገርኩት። አልሳቀም። "ይቺንስ ድሮም ብላኛለች" አለና ፊቴን ያየኝ ጀመር። ውሸቱን ፊቴ ላይ ሳያነብ ዞር አልኩ። ለነገው አንድ አገኝ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን የለኝም። እኔ ሰው መስደብ አልተማርኩም፤ አንቺ ፊት ዝም ብዬ ስለኖርኩ የኔ ክፋት ቀጥ ያለ ነው፣ ማሳቅ አይችልም። ያንቺ ያስቅ ነበር። እኔን እንኳ አንዳንዴ፣ ወደ መዳመጫው ከገባሁ በኋላ፣ ብቻዬን ያስቀኝ ነበር።

ስለዚህ የቀረሽን ጉልበት በለቅሶ አትጨርሺው። ሹፌሩን አጠገብሽ አስቀምጪና ወንድምሽን ስደቢው፤ ልጁ ይጽፈዋል። ስለ እግሩ ስደቢው፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ እኔም ጨምሪበት፤ እኔን ስትሰድቢ ይበልጥ ያምናል። አንድም ለስላሳ ቃል እንዳታስገቢ። ወንድሜ እንዳትይው። የድሮውን አትድገሚ፣ ሁሉንም ያስታውሰዋል። ብዙ አድርጊው። ሐኪሟ ስንት ጊዜ እንደቀረው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም፤ አንቺ ግን ገና ብዙ ዓመት እንደሚኖር ሰው አድርገሽ ስደቢው።

ደህና ሁኚ።

የወንድምሽ ሚስት